ቃል ለሚፈልጉ ሁሉ መንገድ ያበጁ ሊቅ
የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሕይወት ታሪክ



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መንገዶች ላይ አዲስ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚጐርፈውን ተማሪ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ከገጠር የመጣው ስንቁን ተሸክሞ፣ የከተማው ልጅ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ሆኖ፣ ሁሉም የዓመቱን ሥራ ለመጀመር ይቸኩላል። ዛሬ ደግሞ ከደብተሩና ከእስክሪብቶው ጋር ስልክ የያዘው ብዙ ነው። ትምህርት ሲከፈት ከምንነጋገርባቸው ነገሮች አንዱም በኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የመፈለጊያ መሣሪያዎች ናቸው። ጥያቄን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅ መጠየቅ ተችሏል። የመጽሐፍን ገጽ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለ እርሱ መጠየቅም ተችሏል። አንዳንዱ መሣሪያ ጭራሹን ከብዙ ምንጭ ያገኘውን አጠቃሎ እንደ አንድ መልስ አድርጎ ያቀርባል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች የአንድ የቆየ ሙያ ልጆች መሆናቸውን ልንዘነጋ አይገባም። ያም ሙያ፣ የሚፈልግ ሰው ያለ ድካም እንዲያገኝ ቃላትን ለቅሞና አሰልፎ ማስቀመጥ ነው። በአገራችን በዚህ ሙያ ዕድሜያቸውን ከጨረሱት ሊቃውንት ዋነኛው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የእኒህን ሊቅ ታሪክ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

በመጀመሪያ ከእርሳቸው በፊት የነበረውን ሁኔታ እንመልከት። በቀድሞው ዘመን አንድ ተማሪ የግዕዝ ቃል ትርጉም ሲጠፋበት የሚፈልገው በመምህሩ አእምሮ ውስጥ ነበር። ሰዋስው የሚባሉ የቃላት ዝርዝር ያለባቸው የብራና መጻሕፍት ነበሩ። ይሁን እንጂ እነርሱ ተማሪው በቃሉ እንዲያጠናቸው የተሰናዱ እንጂ፣ ያላጠና ሰው ገልጦ አንድ ቃል ወዲያው እንዲያገኝባቸው የተሰለፉ አልነበሩም። ስለዚህ ቅኔ ሊማር የወጣ ልጅ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ሌሎችንም የጎጃም ጉባኤ ቤቶች በእግሩ እየዞረ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ከአንዱ መምህር ያጣውን ከሌላው ይለቅም ነበር። የመምህራኑ አእምሮ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መምህሩ ሲሞቱ ያልተነገረው ቃል አብሮ ይቀበር ነበር።

በአውሮፓ ግን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቀደም ብሎ ታትሟል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ተምሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1661 አንድ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1865 ሌላው ጀርመናዊ አውግስጦስ ዲልማን ከዚያ እጅግ የሰፋውን አወጣ። ሁለቱም መጻሕፍት የግዕዙን ቃል የሚፈቱት በላቲን ነበር። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል፤ ያገራችን ተማሪ የአባቶቹን መጻሕፍት ቃል ለመፈለግ አስቀድሞ ላቲን መማር ሊኖርበት ነው። የቤቱ መክፈቻ ተሠርቶ ነበር፤ ግን በባዕድ እጅ ነበር።

ይህንን ጉድለት ለመሙላት ከተነሡት አንዱ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉ የሸዋ ሊቅ ናቸው። እርሳቸው ወደ ሮም ተሻግረው ኢግናጥዮስ ጉይዲ ለተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ያገራችንን ቋንቋ አስተምረውታል። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ላሳተመው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ታላቅ እርዳታ ሰጥተውታል። ነገር ግን ልባቸው ያረፈው በባዕድ ቋንቋ በተጻፈው ላይ አልነበረም። የግዕዝን ግስ ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ የሚፈታ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ጀምረው ነበር። ሥራው ሰፊ፣ ዕድሜ ደግሞ አጭር ስለ ሆነ ሳይፈጽሙት እርጅና ደረሰባቸው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የተወለዱት በ1862 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ ነው። በልጅነታቸው እንደ ጊዜው ሥርዓት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ከዚያም ገና ወጣት ሳሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም መድረስ የእግር መንገድ፣ የበረሃ ሙቀትና የባሕር ማዕበል ያለበት ስለ ሆነ፣ የሄደ ሁሉ የሚመለስ አልነበረም። እርሳቸውም በቅድስት አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ቆዩ። እዚያ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር እየኖሩ ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ዘንድ ተማሩ። ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛንም አጠኑ። እነዚህ ቋንቋዎች የግዕዝ ዘመዶች እንደ መሆናቸው፣ አንድ የግዕዝ ቃል ሲጨልምባቸው በዘመዶቹ ዘንድ ያለውን ፍቺ እየመረመሩ ብርሃን ይፈልጉ ነበር።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ከመሞታቸው በፊት የጀመሩትን የመዝገበ ቃላት ረቂቅ ለደቀ መዝሙራቸው አስረክበው፣ አርሞና አስፍቶ እንዲፈጽመው አደራ ሰጡት። ሌላ ሰው መሬት ወይም ከብት ይወርሳል፤ ኪዳነ ወልድ የወረሱት ያላለቀ ሥራ ነው። ይህ ዓይነቱ ውርስ ባለቤቱን አያሳርፍም። እርሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ አደራ ተጠምደው ኖሩ።

አሁን ሥራው እንዴት እንደ ነበረ በጥቂቱ እንግለጽ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ነገር መወሰን አለበት። አንደኛው፣ ፊደላቱ በምን ተራ ይሰለፉ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ቃል በየትኛው ቃል ሥር ይመዝገብ የሚለው ነው።

ስለ ፊደል ተራ፣ ሁላችንም በልጅነታችን የለመድነው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለውን ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ግን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ የሚለውን ተራ መረጡ። ይህ ተራ ከዕብራይስጥና ከሱርስት ፊደል ተራ ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ ግዕዝን ከዘመዶቹ ጋር አቀራርቦ ለመመርመር ያመቻል። እርሳቸውም ጥንታዊውና ትክክለኛው ተራ ይህ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ስለ ቃል አመዘጋገብ ደግሞ፣ ቃልን ሁሉ ወደ ሥሩ መለሱት። ለምሳሌ ትምህርት የሚለውን ቃል የሚፈልግ ሰው በተ ፊደል ቢፈልገው አያገኘውም። መሀረ ወደሚለው ግስ መሄድ አለበት፤ እዚያ መምህርንም ትምህርትንም በአንድ ቤት ተሰብስበው ያገኛቸዋል። መጽሐፍ የሚለውን የሚፈልግም በመ ሳይሆን በጸ ገብቶ ጸሐፈ የሚለውን ይገልጣል። ይህ በመጀመሪያ ለተማሪ አስቸጋሪ ይመስላል። ከለመደው በኋላ ግን አንድ ቃል ሲፈልግ ቤተሰቡን በሙሉ ያገኛል፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣም ይረዳል።

ሌላው የጠነከሩበት ነገር የፊደላት ልዩነት ነው። ዛሬ በአፋችን አንድ ሆነው የሚሰሙ ፊደላት በግዕዝ የቃልን ትርጉም ይለያሉ። በሃሌታው ሀ የተጻፈው መሀረ አስተማረ ማለት ሲሆን፣ በሐመሩ ሐ የተጻፈው መሐረ ግን ይቅር አለ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰረቀ የሌባን ሥራ ሲናገር፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠረቀ ደግሞ የፀሐይን መውጣት ይናገራል። ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ፊደልን ማደባለቅ ትርጉምን ማደባለቅ ነው ብለው ስለሚያምኑ በዚህ ነገር ምሕረት አልነበራቸውም።

በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ስለ ጠሯቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተጠሩበትም ምክንያት የነቢዩ ሕዝቅኤልን መጽሐፍ ትርጓሜ እንዲያዘጋጁ ነበር። ይህንንም ፈጽመው መጽሐፉ ከነትርጓሜው በ1916 ዓ.ም. በድሬዳዋ ታተመ። በድሬዳዋ ማተሚያ ቤት ስለ ነበረ ሊቁ ኑሯቸውን በዚያ አድርገው መዝገበ ቃላቱን ማስፋትና ማረም ቀጠሉ። በዚያም ከእርሳቸው ጋር የሚሠሩና ከእርሳቸው የሚማሩ ደስታ ተክለ ወልድ የተባሉ ወጣት ሊቅ አገኙ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ለኪዳነ ወልድ እንደ ሆኑላቸው፣ ኪዳነ ወልድም ለደስታ እንዲሁ ሆኑላቸው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለመጻሕፍት የሚመች አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ስንት ሊቃውንት ተገደሉ፤ ስንት የብራና መጻሕፍትም ጠፉ። ሊቁም ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበትን መጽሐፍ ታትሞ ሳያዩት ሞቱ። እርሳቸውም እንደ መምህራቸው፣ ሥራውን ፈጽሞ ለሕዝብ የማድረሱን አደራ ለደቀ መዝሙራቸው ትተው ሄዱ።

ደስታ ተክለ ወልድም አደራውን አልበሉም። መምህራቸው ካረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተባለው ታላቅ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። ደስታ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በዚያው በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ አሰልፈው በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። እንግዲህ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ከሞቱበት ጊዜ ጀምረን ብንቆጥር እንኳ የግዕዙ መዝገበ ቃላት እስኪታተም አርባ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። የሦስት ሰዎች ሕይወት ገብቶበታል። ዛሬ አንድ ተማሪ በአንድ ደቂቃ ገልጦ የሚያገኘው ቃል ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ነው።

ስለ እውነት ለመናገር፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድን ሐሳብ ሁሉም ሰው አልተቀበለውም። የፊደል ተራቸው በትምህርት ቤቶች አልገባም፤ ሕፃናት ዛሬም የሚማሩት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ከሳቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በዚሁ በተለመደው ተራ የተሰለፈ ነው። ስለ ፊደላቱም ቢሆን፣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ይበቃል የሚሉ ብዙ ሰዎች ተነሥተዋል። የደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፍ ርእስ ዐዲስ የሚለውን ቃል በዓይኑ ዐ ሲጽፍ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ እንደ ብዙ ሰው ልማድ በአልፋው አ ጽፌዋለሁ። ክርክሩ ገና አላለቀም። ሆኖም ከሊቁ ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ፣ የሚከራከረው እርሳቸው በሰበሰቡት ማስረጃ ፊት ቆሞ ነው።

አሁን ወደ ዛሬዎቹ የመፈለጊያ መሣሪያዎች እንመለስ። እንደ ጉግል ያለ መሣሪያ ጥያቄያችንን ሲቀበል በዚያች ቅጽበት የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ አያነብም። አስቀድሞ ያነበባቸውን ገጾች ቃል በቃል መዝግቦ፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ የሚያመለክት ታላቅ ማውጫ አዘጋጅቷል። ጥያቄ ሲመጣ ያንን ማውጫ ይገልጣል። ይህም በዓይነቱ አለቃ ኪዳነ ወልድ በእጃቸው ከሠሩት ሥራ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ፍጥነቱና ብዛቱ ነው። እንግዲህ መፈለግ ቀላል የሚሆነው ማሰለፉ አስቀድሞ ስለ ተደከመበት ነው።

የፊደሉ ነገርም ከእርሳቸው ጋር አልሞተም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1999 ድረስ የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ዓለም አቀፍ የጋራ ቁጥር አልነበረውም። አንዱ በሠራው ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዓመት ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ ሲገባ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለእሳቱ ሰ አንድ ቁጥር፣ ለንጉሡ ሠ ሌላ ቁጥር ማለት ነው። ስለዚህ ጆሯችን አንድ አድርጎ የሚሰማቸውን ፊደላት ኮምፒውተር ከመሠረቱ ለይቶ ያያቸዋል። አንድ ናቸው ብሎ እንዲቆጥራቸው ሰው ካላስተማረው በቀር፣ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው የፈለገ ተማሪ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥመን ነገሩ የለም ብለን ከመተው በፊት፣ ቃሉን በሌላው ፊደል ጽፈን እንደገና መፈለግ ይገባናል።

የሚያስገርም ሌላም ነገር አለ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ መጽሐፍ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ በስልካቸው የያዙትም ብዙ ናቸው። ነገር ግን በብዙ እጅ የሚዘዋወረው ቅጂ የገጾቹ ፎቶግራፍ ስለ ሆነ፣ ቃሉን ጽፈን እንዲያወጣልን ብናዘው አይታዘዘንም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቅጂም ሆነ በወረቀት ያለን መንገድ ሊቁ ያበጁት መንገድ ነው። መጀመሪያ የቃሉን ሥር ማግኘት፣ ቀጥሎ ትክክለኛውን ፊደል መለየት፣ ከዚያም በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ ገጹን መግለጥ ነው። ይህን ያልተማረ ልጅ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ቃሉን ሊያጣው ይችላል። በአንጻሩ የዲልማንን መዝገበ ቃላት በጀርመን አገር የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ቃል በቃል የሚፈለግበት አድርገው በኢንተርኔት አቅርበውታል። የእኛውን ሊቅ መጽሐፍ እንዲሁ ማድረግ ኮምፒውተር ለሚማሩ ያገራችን ወጣቶች የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ደግሞም መሣሪያው መልሱን አጠቃሎ ሲሰጠን፣ ከየት እንዳገኘው መጠየቅ አለብን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ረቂቅ እንኳ ሳይመረምሩ አላስተላለፉትም። የሚወዷቸው መምህር የጻፉትን መመርመር ክብርን መንሣት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። እኛስ ፊቱን ያላየነውን፣ ስሙን የማናውቀውን መልስ ሰጪ ሳንመረምር ወደ ደብተራችን ብንገለብጥ ተማሪ ልንባል እንችላለን? የተገለበጠ መልስ ለአንድ ቀን ነጥብ ያስገኝ ይሆናል፤ ፈተናው ላይ ግን ስልኩ ከውጭ ይቀራል፤ ወደ አዳራሹ የሚገባው ተማሪው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ አገራችን ስለ አዊ አንድ ነገር ልበል። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በቤታችን ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን ጋር የምንነጋገረው በአዊኛ ነው። በዞናችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በዚሁ ቋንቋ ይሰጣል። የፈረሱ ዕቃ፣ የቀርከሃው ሥራ፣ የእርሻው፣ የደኑና የዝናቡ ቃላት በሽማግሌዎቻችንና በአሮጊቶቻችን አፍ ውስጥ ሞልተዋል። የመፈለጊያ መሣሪያ ግን ያልተጻፈውን ነገር ሊያገኝ አይችልም። ሰው አስቀድሞ ያላስቀመጠውን ከየት አምጥቶ ይሰጠናል? ስለዚህ በዚህ ዓመት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ለዚሁ ብንለይና፣ ከአያቶቻችን የምንሰማውን ቃል ከነፍቺው በፊደል ተራ ብንጽፍ ታላቅ ነገር ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስም የጀመሩት ከአንድ ቃል ነበር። የጀመርነውን ባንፈጽመው እንኳ የሚቀበለን ደቀ መዝሙር አይጠፋም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ለራሳቸው ያተረፉት ሀብት የለም፤ መጽሐፋቸውንም ታትሞ አላዩትም። ነገር ግን በግዕዝ የተጻፈውን የአባቶቻችንን ቃል የሚፈልግ ሁሉ ዛሬም በእርሳቸው በር ይገባል። ወላጆቻችን ስልክ ስትገዙልን፣ መምህራኖቻችን ፈልጋችሁ አምጡ ስትሉን፣ እኛም ተማሪዎች ጣታችንን ስናነሣ፣ መፈለግን ቀላል ያደረገልንን የእነዚያን ሰዎች ድካም እናስብ። አዲሱን የትምህርት ዓመት የምንፈልገውን የምናገኝበት፣ ያገኘነውንም ለሚቀጥሉት አሰልፈን የምናስቀምጥበት ዓመት ያድርግልን።